ለካምፕ ተጎታች ባለ 12 ቮልት ማቀዝቀዣ፦ ከባትሪው በፊት ግድግዳው

ጥያቄ፦ «ነዋሪነቴ ባሕር ዳር ሲሆን እንግዶችን እየያዝኩ ወደ ጎርጎራ፣ አንዳንዴም እስከ ደባርቅ ድረስ እጓዛለሁ። በላንድ ክሩዘር የሚሳብ ተጎታች በብየዳ ቤት አሠርቼ አሁን የወጥ ቤቱን ክፍል በማሟላት ላይ ነኝ። ለአራት እንግዶች የአራት ሌሊት ሥጋ፣ ዓሣ፣ አትክልትና መጠጥ ያለ ጄኔሬተር ማቆየት እፈልጋለሁ። አንድ ባለ 100 አምፔር ሰዓት የአሲድ ባትሪና አንድ ባለ 100 ዋት ሶላር አለኝ። አንዱ ባለሙያ የቤት ፍሪጅህን በኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት በሚለውጥ ዕቃ) አሠራው ይለኛል፤ ሌላው በጋዝም በመብራትም የሚሠራውን ግዛ ይለኛል፤ እኔ ግን ራሴ ብሠራው ደስ ይለኛል። የትኛው ይሻላል? ስንት ባትሪስ ልጨምር?»

ምላሽ፦ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልነሣ። ለጊዜው ምንም ባትሪ አይጨምሩ። ለባትሪ ያሰቡትን ገንዘብ ለፎም ያውሉት። ምክንያቱን በቁጥር ለማሳየት እሞክራለሁ፤ ስሌቱ ከአራቱ መደቦች አይዘልምና በእርሳስ እየተከታተሉኝ ቢያነቡ ደስ ይለኛል።

ማቀዝቀዣ ቅዝቃዜ የሚያመርት ዕቃ አይደለም፤ ወደ ውስጥ የገባውን ሙቀት እየለቀመ ወደ ውጭ የሚጥል ዕቃ ነው። ስለዚህ ስንት ኤሌክትሪክ እንደሚበላ የሚወስነው በቅድሚያ ስንት ሙቀት እንደሚገባበት ነው። ውስጡ 50 በ40 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ማለትም 60 ሊትር የሚይዝ ሣጥን ያስቡ፤ ለእርስዎ ሥራ በቂ ነው። በተጎታቹ ውስጥ ያለው አማካይ ሙቀት 26 ዲግሪ፣ በሣጥኑ ውስጥ 4 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 22 ዲግሪ ነው። ግድግዳው በ5 ሴንቲ ሜትር ጥሩ የፖሊዩሬቴን ፎም ከተሠራ ወደ 13 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ያለማቋረጥ ይገባል፤ ይህም በ24 ሰዓት 310 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ያው ሣጥን ግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን የሚገባው ወደ 8 ዋት ይወርዳል፤ በቀን ከ190 ዋት ሰዓት አይበልጥም። በክዳኑ ጠርዝ ለሚሾልከውና ክዳኑ ሲከፈት ለሚገባው አየር ሠላሳ በመቶ ያህል እንጨምር። በየቀኑ አዲስ የሚገባውንም አንርሳ፦ 5 ሊትር ውኃ ከ25 ዲግሪ ወደ 5 ዲግሪ ለማውረድ ብቻ 116 ዋት ሰዓት ሙቀት መውጣት አለበት።

ሲደመር ባለ ወፍራሙ ሣጥን በቀን 360፣ ባለ ቀጭኑ 520 ዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት ማውጣት ይኖርበታል። አነስተኛ የ12 ቮልት ኮምፕሬሰር (የማቀዝቀዣውን ጋዝ የሚጨምቀው ሞተር) በሚበላው በእያንዳንዱ 1 ዋት ኤሌክትሪክ፣ ሳይጋነን፣ 1.2 ዋት ሙቀት ያወጣል ብለን ብንይዝ የመጀመሪያው በቀን 300፣ ሁለተኛው 430 ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። አሁን ወደ ያዙት ሶላር እንመለስ። 100 ዋት ፓነል በጠራ ቀን ሙሉ ፀሐይ የሚባለውን 5 ሰዓት ቢያገኝና በሙቀት፣ በአቧራና በሽቦ የሚባክነው ሲቀነስ 350 ዋት ሰዓት ያህል ያስገባል። ልዩነቱን አስተዋሉት? በእጅዎ ያለው ፓነል ባለ 10 ሴንቲ ሜትሩን ሣጥን ይቀልባል፤ ባለ 5 ሴንቲ ሜትሩን ግን አይቀልብም፤ በየቀኑ ከባትሪው ይበደራል። በአራተኛው ሌሊት ሁለተኛ ባትሪ ያስፈለገዎት ሊመስልዎት ይችላል፤ የጎደለው ግን 5 ሴንቲ ሜትር ፎም ነበር። የአሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዲረዝም ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመከራልና ከ100 አምፔር ሰዓቱ የሚጠቀሙት 50ውን ነው፤ በ12 ቮልት ሲባዛ 600 ዋት ሰዓት ይሆናል። በወፍራሙ ሣጥን ይህ ያለ ምንም ፀሐይ ሁለት ቀን ያቆያል።

አሁን የተመከሩትን ሁለት መንገዶች ባጭሩ ልመልከት። የቤት ፍሪጅ በኢንቨርተር ማሠራት ርካሽ ይመስላል፤ ፍሪጁ አለና። ነገር ግን መካከለኛ አሮጌ የቤት ፍሪጅ በቀን 1000 ዋት ሰዓትና ከዚያ በላይ መብላቱ የተለመደ ነው። በዚህ ላይ ኢንቨርተሩ ራሱ፣ ፍሪጁ በማይነሣበት ጊዜ እንኳ፣ ተከፍቶ ለመቆየት ብቻ 15 ዋት ቢወስድ በ24 ሰዓት 360 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ይኸውም አንድ ጥሩ የ12 ቮልት ማቀዝቀዣ ቀኑን ሙሉ ከሚበላው ይበልጣል። ኮምፕሬሰሩ ሲነሣ ለቅጽበት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ አምፔር ስለሚስብ ትንሽ ኢንቨርተር ይዘጋበታል፤ ትልቅ ሲገዙ ደግሞ ባዶውን የሚበላው ይጨምራል። ወደ ፊት የሚከፈት በር ያለው ፍሪጅ በሩ በተከፈተ ቁጥር ከባዱን ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ወደ ታች ያፈሳል፤ ከላይ የሚከፈት ሣጥን ግን አየሩን እንደ እንስራ ይዞ ይቆያል። ይህ ምክር ቢቀር ይሻላል።

በጋዝ የሚሠራው ዓይነት፣ በሙያው ስሙ የአብሶርፕሽን ማቀዝቀዣ፣ ድምፅ የለውም፤ በቡታጋዝ ሲሠራ በቀን ጥቂት መቶ ግራም ጋዝ ብቻ ስለሚፈልግ አንድ ቦታ ለሳምንታት ለሚቀመጥ ሰው ጥሩ ነው። እርስዎ ግን በየቀኑ ይንቀሳቀሳሉ። ይህ ዕቃ ፈሳሹ በራሱ ክብደት ወርዶ እንዲዘዋወር ስለተሠራ ተጎታቹ ካዘመመ በትክክል አይሠራም፤ በ12 ቮልት ሲሠራም ማሞቂያ ስለሆነ መቶ ዋትና ከዚያ በላይ ያለማቋረጥ ይበላል። ከፍታውም አያግዘውም፦ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደባርቅ ደግሞ ከዚህ በ1000 ሜትር ያህል ትበልጣለች፤ አየሩ ሲሳሳ የጋዙ ነበልባል ይዳከማል። በዝግ ክፍል ውስጥ የሚነድ እሳት የሚያወጣው መርዛማ አየር ሌላው ስጋት ነው፤ እንግዳ በሚያድርበት ተጎታች ውስጥ እኔ አላስገባውም።

በገበያ ላይ አራተኛ ዓይነት እንዳለ ስላልጠቀሱ ላስጠንቅቅዎ። በመኪና ሲጋራ መለኮሻ የሚሰካ፣ ቀላልና ርካሽ፣ በፔልቲየር ቁራጭ (ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት አንዱ ገጹ በሚቀዘቅዝ ሌላው በሚሞቅ ሰሌዳ) የሚሠራ ሣጥን አለ። ያለማቋረጥ 4 ወይም 5 አምፔር ይበላል፣ ማለትም በቀን ከ1000 ዋት ሰዓት በላይ፤ የሚያወርደውም ከውጭው ሙቀት 15 ወይም 20 ዲግሪ ብቻ ነው። በግንቦት ቀትር የእንግዳዎን ሥጋ በ12 ዲግሪ ላይ ያቆየዋል ማለት ነው። ሻጩ «ያው ፍሪጅ ነው» ቢልዎት ከጀርባው ያለውን ምልክት ያንብቡ፤ እንደ አር 134 ኤ ወይም አር 600 ኤ ያለ የጋዝ ስምና መጠኑ በግራም ካልተጻፈበት ኮምፕሬሰር የለውም።

ስለዚህ ልብዎ ወደ ወደደው ወደ ራስ ሥራ እንሂድ፤ ሆኖም አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ። ሣጥኑን እርስዎ ይሥሩት፤ የማቀዝቀዣውን አካል ግን ጋዙ ተሞልቶና ታሽጎ የሚመጣውን፣ ለጀልባ ተብሎ የሚሸጠውን ኮምፕሬሰር ከነኢቫፖሬተሩ (በሣጥኑ ውስጥ ሆኖ ሙቀቱን ከሚለቅመው ክፍል ጋር) ይግዙ። መጋጠሚያው በመፍቻ የሚታሰር ስለሆነ የመዳብ ብየዳ አያስፈልገውም። በብዙዎቹ ውስጥ የሚገኘው ቀድሞ ዳንፎስ፣ ከ2010 ወዲህ ሴኮፕ በሚባለው ድርጅት የሚሠራው ቢዲ 35 የተባለው ኮምፕሬሰር ወይም የእርሱ ዓይነት ነው። በ12ም በ24ም ቮልት ይሠራል፤ ፍጥነቱ ከ2000 እስከ 3500 ዙር በደቂቃ በትንሽ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን በሚገታ ቁራጭ) ይወሰናል። ሬዚስተር ካልገባበት በ2000 ዙር ይሠራል፤ ለእርስዎ የሚያስፈልገውም ይኸው ዝቅተኛው ነው፤ ቀስ ብሎ ረጅም ሰዓት የሚሠራ ኮምፕሬሰር ፈጥኖ ከሚሠራና ከሚያርፍ ያነሰ ይበላልና።

ሣጥኑን በሚመለከት ትንሽ ልዘግይ፤ ሥራው ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ፖሊዩሬቴን ሰሌዳ ካገኙ 10 ሴንቲ ሜትሩን በሁለት ባለ 5 ሴንቲ ሜትር ንብርብር ያድርጉት፤ የአንዱ ንብርብር ስፌት በሌላው መካከል ይዋል፤ አለዚያ ሙቀቱ በቀጥታው ስፌት ሾልኮ ይገባል። ያገኙት ቴሌቪዥን ታሽጎ የሚመጣበት ነጩ ፎም ብቻ ከሆነ ለተመሳሳይ ውጤት 14 ሴንቲ ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። ማእዘኑን በብረት አንግል አያጠናክሩ። ብረት ከውጭ ወደ ውስጥ ከተሻገረ የሙቀት ድልድይ ይሆናል፤ ማእዘኑ በእንጨትና በሙጫ ይያዝ። ለውጭው ልባስ ኮምፔንሳቶ በነጭ ቀለም፣ ለውስጡ ቀጭን የአሉሚኒየም ላሜራ ይበቃል። ውስጡን በፋይበር ግላስ መቀባት ለሚፈልግ ሰው አንድ ወጥመድ አለ፦ ለጀልባ የሚውለው የተለመደው የፖሊስተር ሬዚን ነጩን ፎም እንደ ቅቤ ያቀልጠዋል፤ ቤንዚን ሽታ ያላቸው ሙጫዎችም እንዲሁ። ኢፖክሲ ግን አይነካውም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው እርጥበቱን ነው። በጣና ዳር አየሩ፣ በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ እርጥብ ነው፤ እርጥብ አየር በስንጥቅ ወደ ፎሙ ከገባ ከቀዝቃዛው የውስጥ ግድግዳ ጋር ሲገናኝ ወደ ውኃ ይለወጣል። እኔ በመጀመሪያ የሠራሁት ሣጥን ከአንድ ክረምት በኋላ ለማንሣት ሁለት ሰው ሲፈልግ ነበር ጥፋቴ የገባኝ፤ ፎሙ ውኃ ጠጥቶ ነበርና። ውኃ የጠጣ ፎም ደግሞ ሙቀት አይከለክልም። ስለዚህ የፎሙ ውጫዊ ገጽ፣ ማለትም ሙቁ ወገን፣ በወፍራም ላስቲክ ወይም በአሉሚኒየም ፕላስተር ስፌቱ ሳይቀር ይታሸግ። ክዳኑ ከግድግዳው እኩል ይወፍር፤ ጎማው ድርብ ይሁን። ለመፈተን አንድ ወረቀት በክዳኑና በጠርዙ መካከል አስገብተው ክዳኑን ይዝጉና ይሳቡት፤ በየትኛውም ጥግ ሳይያዝ ከወጣ አየር ይገባል ማለት ነው።

ኮምፕሬሰሩንና ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚጥለውን ኮንደንሰር ከሣጥኑ ውጭ፣ አየር ከታች ገብቶ ከላይ በሚወጣበት የራሱ ክፍል ያስቀምጡ። በእኛ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል አየር በአምስት እጅ አንድ ያህል የሳሳ ስለሆነ ያው ማራገቢያ የሚያነሣው ሙቀት ያንሳል፤ መግቢያውንም መውጫውንም አምራቹ ከሚያዝዘው ሰፋ አድርገው ይክፈቱ። ለአቧራና ሌሊት በብርሃን ተስቦ ለሚመጣው የሐይቅ ትንኝ ወንፊት ይደረግለት፤ ከየጉዞው በኋላም ወንፊቱ ይጽዳ። ታፍኖ የቆየ ኮንደንሰር ፎሙ ያስገኘልዎትን ቁጠባ ሁሉ በአንድ ሳምንት ያጠፋዋል።

ታሽጎ የመጣውን ካላገኙና በፍሪጅ ባለሙያ ጋዝ ማስሞላት ግድ ከሆነብዎ የሚከተለውን ለባለሙያው ያንብቡለት። በባሕር ዳር የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ አምስት እጅ አራቱ ያህል ነው። በዚህም ምክንያት በቫኪውም ፓምፕ አየሩ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ የጌጁ (የግፊት መለኪያው) መርፌ በመጽሐፍ እንደተጻፈው 30 ኢንች ላይ አይደርስም፤ 24 ኢንች ገደማ ላይ ይቆማል። እኔ ጀማሪ ሳለሁ «ፓምፑ ደክሟል» ብዬ ደህናውን ፓምፕ አስፈትቻለሁ፤ ሁለት ቀን ሙሉ የሌለ ቀዳዳም ፈልጌያለሁ። ጋዝ ሲሞላም ስሕተቱ ይቀጥላል፦ በጌጁ ፊት ላይ ከግፊቱ ጎን የተጻፈው የሙቀት ቁጥር ለባሕር ወለል የተሠራ ነው። መርፌው ለአር 134 ኤ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚያሳይበት ቦታ ላይ በእኛ ከተማ እውነተኛው ከዜሮ በታች ወደ 24 ዲግሪ ይጠጋል። ስለዚህ እንዲህ ላለ ጥቂት አሥር ግራም ብቻ ለሚይዝ ትንሽ ሥርዓት ጋዝ በጌጅ ሳይሆን በሚዛን ይሞላል፤ የግራም ሚዛን የሌለው ባለሙያ ቢቀርብዎት፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ሥራውን አይስጡት።

ሽቦው ላይም አይቆጥቡ። የቢዲ 35 አምራች በ12 ቮልት ለ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ከባትሪው እስከ ኮምፕሬሰሩ የሚፈቅደው ርዝመት 2.5 ሜትር ብቻ ነው፤ ለ4 ካሬ 4 ሜትር፣ ለ6 ካሬ 6 ሜትር። ለማስታወስ ይቀላል። ፊውዙ 15 አምፔር ይሁን፤ ሽቦው በቀጥታ ከባትሪው ይነሣ እንጂ ከመብራቱ መስመር አይቀጠል። ኮምፕሬሰሩ የራሱ የባትሪ ጠባቂ አለው፤ ቮልቱ ወደ 10.4 ሲወርድ ያጠፋል፣ 11.7 ሲደርስ መልሶ ያስነሣል። ቀጭን ሽቦ ሲኖር ባትሪው ሞልቶ ሳለ ኮምፕሬሰሩ ጋ የሚደርሰው ቮልት በማስነሻው ቅጽበት ስለሚወርድ ማቀዝቀዣው እየነሣ እየጠፋ ይቸገራል፤ ሰውም ባትሪውን ይረግማል። በነገራችን ላይ 10.4 ለአሲድ ባትሪ በጣም ዝቅተኛ ነው፤ በአምራቹ ሰንጠረዥ መሠረት ሬዚስተር በማስገባት ከፍ ሊደረግ ይችላልና ይህን ያድርጉ።

ሶላሩን በተጎታቹ ጣሪያ ላይ ከመቸንከርዎ በፊት ጎርጎራ ላይ የት እንደሚያቆሙ ያስቡ። እንግዳ ከዛፍ ጥላ ሥር ማረፍ ይፈልጋል፤ ማቀዝቀዣውም ጥላ ይወዳል፤ ፓነሉ ግን ፀሐይ ይፈልጋል። አስታራቂው ፓነሉን ተነቃይ አድርጎ በ10 ሜትር ኬብል ከጥላው ውጭ መዘርጋት ነው። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ላይ ስለሆነች ፓነሉ ጠፍጣፋ ቢተኛ የሚያጣው ጥቂት ነው፤ እንዲያውም በሰኔ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ስለምታልፍ ወደ ደቡብ የተዘቀዘቀ ፓነል ይጎዳል። የሐምሌና የነሐሴ ደመና ሌላ ነገር ነው፤ በእነዚያ ወራት የሚሠሩ ከሆነ ሁለተኛ ባለ 100 ዋት ፓነል ይጨምሩ፤ ከሁለተኛ ባትሪ ይልቅ እርሱ ይጠቅማል።

የቀረው የአጠቃቀም ጉዳይ ነው። ከመነሣትዎ 24 ሰዓት በፊት ሣጥኑን ከነዕቃው በቤት መብራት ያቀዝቅዙት፤ ሞቅ ያለ ዕቃ ጭነው ቅዝቃዜውን ከባትሪ አይጠብቁ። በቤትዎ ፍሪዘር አራት ባለ 1.5 ሊትር የውኃ ጠርሙሶች፣ አፋቸው ድረስ ሳይሞሉ፣ በረዶ ያድርጉ። አንድ ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ 93 ዋት ሰዓት ሙቀት ይውጣልና አራቱ ጠርሙሶች የአንድ ቀን ተኩል ሥራ ይሸከሙልዎታል፤ ሲቀልጡም የሚጠጣ ውኃ ናቸው። መንገድ ላይ ዓሣ ከገዙ፣ ቀረሶም ይሁን አምባዛ፣ 10 ኪሎ ሙቅ ዓሣ ወደ 230 ዋት ሰዓት ሙቀት ይዞ ይገባል፤ ይህ በወፍራሙ ሣጥን ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ከሚገባው ይበልጣል። ስለዚህ ሆድቃው ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ ከበረዶው ጠርሙስ አጠገብ፣ በተቻለ መጠን ፓነሉ ሙሉ ኃይል በሚሰጥበት በቀትር ይግባ።

የማያስፈልገውንም አይጫኑበት። ንጥር ቅቤ፣ ሽሮ፣ በርበሬና ቋንጣ ቅዝቃዜ አይሹም፤ እንጀራም በማቀዝቀዣ ውስጥ ይደርቃል። ሙቀቱ በሚበረታባቸው በመጋቢትና በሚያዝያ ብዙውን ጊዜ ዐቢይ ጾም ስለሚውል የአገር ውስጥ እንግዶችዎ ሥጋና ወተት አይጠይቁም፤ በዚያ ወቅት ሣጥኑ ለመጠጥና ለአትክልት ብቻ ይሆናልና ቴርሞስታቱን (የሙቀት መቆጣጠሪያውን) ወደ 7 ዲግሪ ከፍ ማድረግ ይችላሉ።

ሥራውን ሲጨርሱ ከጉዞ በፊት አንድ ሙከራ ያድርጉልኝ። በባትሪውና በኮምፕሬሰሩ መካከል ዋት ሰዓት የሚቆጥር መለኪያ ያስገቡ፤ በሣጥኑ ውስጥ 10 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ አስቀምጠው ሳይከፍቱት ለ24 ሰዓት በጥላ ያቆዩት። መለኪያው ከ250 ዋት ሰዓት በታች ካነበበ ሥራዎ ተሳክቷል። ከ350 በላይ ካነበበ ወደ ጎማውና ወደ ክዳኑ ይመለሱ፤ ሌሊት በጨለማ መብራት ያለው ስልክ ሣጥኑ ውስጥ አስገብተው ክዳኑን ይዝጉና ብርሃኑ በየት በኩል እንደሚሾልክ ይመልከቱ።